ከልካዮቹና ሰጪዎቹ፦ ክፍት ኮድ መገናኛችንን እንዴት እንደሠራው

ከሪያድ ወይም ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚላክ አንድ የስልክ መልእክት እስኪደርስ ድረስ በብዙ ፕሮግራሞች እጅ ያልፋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ኮዳቸው ለማንም ክፍት ነው። የፈለገ ያነባቸዋል፣ ያስተካክላቸዋል፣ ያስተካከለውንም ለሌላ ያካፍላል። ባለቤት ነኝ ብሎ የሚከለክል የለም።

ይህን ታሪክ አብዛኞቻችን በቁርጥራጭ ነው የምናውቀው። አንዱ ስለ ሊኑክስ ሰምቷል፣ ሌላው ፋየርፎክስን ተጠቅሟል፣ ወጣቱ ፕሮግራመር ደግሞ ከጊት ጋር ውሎ ያድራል። ቁርጥራጩ ሲገጣጠም ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ክፍት ኮድን የወለደው የጥቂት ሰዎች ቸርነት ብቻ አይደለም። በየዘመኑ አንድ ድርጅት ኮዱን ሲከለክል፣ የተከለከሉት ሰዎች በእጃቸው ባለው መገናኛ ተጠራርተው የራሳቸውን ሠርተዋል። የመገናኛው ታሪክና የፕሮግራም ሥራው ታሪክ የማይነጣጠሉት በዚህ ምክንያት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1969 እስከ 1979፦ ኮድ እንደ ሸቀጥ ያልታየበት ዘመን

በ1969 ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በኒው ጀርሲው ቤል ላብስ ዩኒክስን መሥራት ሲጀምሩ ዋናው ገንዘብ የሚከፈለው ለማሽኑ ነበር። ፕሮግራሙ ከማሽኑ ጋር ይመጣል፤ ተጠቃሚው ኮዱን አንብቦ እንደሚፈልገው ያስተካክለዋል፤ ያስተካከለውን ለባልደረባው ይሰጣል። በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት ውስጥ ይህ እንደ ተራ ነገር ይታይ ነበር።

ዩኒክስን ያስፋፋው ግን ይህ ልማድ ብቻ አልነበረም። የቤል ላብስ እናት ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ የአሜሪካን የስልክ አገልግሎት ጠቅልሎ ይዞ ስለነበር፣ በ1956 ከመንግሥት ጋር በገባው የፍርድ ቤት ስምምነት ከስልክ ውጭ ባለ ንግድ እንዳይሰማራ ተገድቦ ነበር። ስለዚህ ዩኒክስን እንደ ሸቀጥ ገበያ ላይ ሊያወጣው አልቻለም። ለዩኒቨርሲቲዎች በአነስተኛ ክፍያ ከነኮዱ ሰጣቸው። በካሊፎርኒያው በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ቢል ጆይና ባልደረቦቹ ኮዱን ወስደው የራሳቸውን ሥራ ጨመሩበትና ቢኤስዲ የተባለውን ዝርያ አወጡ። አንድ ትውልድ ሙሉ ሙያውን የተማረው ከሱ የበለጡ ሰዎች የጻፉትን ኮድ መስመር በመስመር በማንበብ ነው።

መገናኛውም ጎን ለጎን አደገ። በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ በአርፓኔት መረብ ኢሜይል ላከ። የሰውየውን ስም ከማሽኑ ስም የሚለየውን፣ ዛሬ በየኢሜይል አድራሻው መካከል የምናየውን ምልክት የመረጠው እሱ ነው። አርፓኔት ግን ከአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ምርምር ጋር ለተሳሰሩ ተቋማት እንጂ ለሌላው ዝግ ነበር። በ1979 ከዚያ መረብ ውጭ የቀሩ የሰሜን ካሮላይና ተማሪዎች ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ ዩዝኔትን ጠነሰሱ። ኮምፒውተሮች በተራ የስልክ መስመር እየተደዋወሉ መልእክት ይቀባበላሉ፤ አንዱ የጻፈውን በሌላ ከተማ ያለው ያነበዋል፣ ይመልሳል።

በዚያው ጊዜ በበርክሊ የሆነው ነገር ለዚህ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው። ኤሪክ ኦልማን ይሠራበት የነበረው፣ ኢንግረስ የተባለ የምርምር ፕሮጀክት ኮምፒውተር ከአርፓኔት ጋር የተገናኘ ነበር። ኢሜይል መላክ የፈለገ ሁሉ በዚያ ማሽን ላይ አካውንት ስጠኝ ይላል፤ ማሽኑ ግን ይህን ሁሉ ሰው የሚሸከም አልነበረም። ልመናው የበዛበት ኦልማን፣ ሰዎቹ ባሉበት ማሽን ሆነው መልእክታቸውን ከአንዱ መረብ ወደ ሌላው የሚያሻግር ፕሮግራም ጻፈ። መጀመሪያ ዴሊቨርሜይል ተባለ፤ በ1983 አድጎ ሴንድሜይል ሆነ። ከቢኤስዲ ጋር ከነኮዱ ስለተሰራጨም በዓለም ላይ የሚላከው ኢሜይል አብዛኛው ለብዙ ዓመታት በዚህ ፕሮግራም በኩል አለፈ።

ከ1980 እስከ 1989፦ ማተሚያው፣ ሕጉና አዲሱ ፈቃድ

በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኤምአይቲ፣ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላቦራቶሪ የሚሠራው ሪቻርድ ስቶልማን በድሮው ማተሚያ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ጨምሮ ነበር። ወረቀት ሲቀረቀር ማሽኑ ራሱ፣ ኅትመት የሚጠብቁት ሰዎች ኮምፒውተር ላይ መልእክት ይልካል፤ ከመካከላቸው አንዱ ተነስቶ ያስለቅቀዋል። በ1980 ገደማ ዜሮክስ ለላቦራቶሪው አዲስ የሌዘር ማተሚያ በስጦታ ሰጠ። ፈጣንና ጥራት ያለው ማሽን ነበር፤ ወረቀት መቀርቀሩ ግን አልቀረለትም። ሰዎች ኅትመታቸውን ልከው ቆይተው ሲሄዱ ማሽኑን ቆሞ ያገኙታል። ስቶልማን የቀድሞውን መፍትሔ ሊያስገባ ቢፈልግ ፕሮግራሙ ያለ ኮዱ ነው የመጣው። ኮዱ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አንድ ተመራማሪ ዘንድ እንዳለ ሰምቶ ቢሮው ድረስ ሄደ። ሰውየው ለማንም ላለመስጠት በፊርማዬ ቃል ገብቻለሁ ብሎ መለሰው።

ይህ ታሪክ በብዛት ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ልማዱ የተናጋበት፣ ከዚህ የሚከብደው ምክንያት ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ኤቲ ኤንድ ቲ በ1984 በመንግሥት ክስ ምክንያት ሲከፋፈል የ1956ቱ እገዳ ተነሳለት፤ ያኔ ዩኒክስን ያለ ገደብ መሸጥ ቻለ። የፈቃዱ ዋጋ አሻቀበ፣ ኮዱን ማስተማሪያ ማድረግም እየከበደ ሄደ። ያ ትውልድ ያደገበት የመካፈል ልማድ በአንድ ጊዜ ሕጋዊ መሠረቱን አጣ።

ይህ ሊመጣ ወራት ሲቀሩት፣ መስከረም 27 ቀን 1983፣ ስቶልማን በዩዝኔት ላይ አንድ ማስታወቂያ አወጣ። ግኑ የተባለ፣ ከዩኒክስ ጋር የሚስማማ ሙሉ የኮምፒውተር ሥርዓት እሠራለሁ፣ ለሚጠቀምበት ሁሉም በነጻ እሰጠዋለሁ አለ። ጊዜ፣ ገንዘብ፣ ማሽንና ፕሮግራም እንዲያዋጡለትም ጠየቀ። በጥር 1984 ተቋሙ በሥራው ላይ የባለቤትነት ጥያቄ እንዳያነሳ ብሎ ሥራውን ለቀቀ። መጀመሪያ የሠራው ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ነበር፤ መረብ የሌላቸው ሰዎች በቴፕ ተቀድቶ በ150 ዶላር ይላክላቸው ነበር። በ1985 የፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ተቋቋመ። በ1987 የሲ ቋንቋን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ጂሲሲ ወጣ። አንድ ተማሪ ለፕሮግራም መሥሪያ ገንዘብ ሳይከፍል እውነተኛ ሥራ መሥራት የቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

በእኔ ግምት የስቶልማን ትልቁ ሥራ ግን ኮድ አይደለም፤ በ1989 የወጣው ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ ነው። ኮዱን እንዲሁ ለሕዝብ ቢለቀው ኖሮ ማንኛውም ኩባንያ ወስዶ፣ ትንሽ ለውጥ ጨምሮ ሊቆልፈው ይችል ነበር። ጂፒኤል የቅጂ መብት ሕጉን ራሱን መሣሪያ አደረገው። ኮዱ የኔ ነው፣ ትጠቀምበትና ትለውጠው ዘንድ ፈቅጄልሃለሁ፣ ለሌላ ስታስተላልፈው ግን እኔ የሰጠሁህን መብት ሁሉ ለሱም ትሰጠዋለህ ይላል። ለመከልከል የተሠራው ሕግ መከልከልን የሚከለክል ሆነ።

ከ1988 እስከ 1994፦ ኦውሉ፣ ሄልሲንኪ፣ ጄኔቫ

በነሐሴ 1988 በሰሜን ፊንላንድ በኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ያርኮ ኦይካሪነን አይአርሲ የተባለውን የቻት ፕሮግራም ሠራ። ኢሜይል ጽፎ መልስ መጠበቅ ቀረ፤ በተለያየ አገር ያሉ ሰዎች በአንድ የቻት ክፍል ተሰብስበው እዚያው በዚያው ይጻጻፋሉ። ኮዱ ክፍት ስለነበር ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ሰርቨር ተክለው ከኦውሉው ጋር አገናኙት። በነሐሴ 1991 በሞስኮ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከርና የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን አፋቸው ሲዘጋ ወሬ ከወጣባቸው መንገዶች አንዱ አይአርሲ ነበር። የክፍት ኮድ ፕሮግራመሮችም ከዚያ ወዲህ ለሠላሳ ዓመታት መዋያቸው እዚያ ሆነ።

በዚያው በነሐሴ 1991፣ እዚያው ፊንላንድ ውስጥ፣ የ21 ዓመቱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ሚኒክስ የተባለው የማስተማሪያ ሥርዓት ተጠቃሚዎች በሚወያዩበት የዩዝኔት ቡድን አጭር መልእክት ጻፈ። 386 በተባለው ማቀናበሪያ ለሚሠራ ኮምፒውተር አንድ ሥርዓት እየሠራ መሆኑን፣ ነገሩ የትርፍ ጊዜ ሥራ እንጂ እንደ ግኑ ትልቅ የሚሆን እንዳልሆነ ገልጾ ሐሳብ እንዲሰጡት ጠየቀ። የሚኒክስ ኮድ ይነበብ ነበር፤ አሻሽሎ እንደ ልብ ማሰራጨት ግን አይቻልም ነበር። ሊኑክስ በ1992 በጂፒኤል ሥር ሲገባ ይህ እንቅፋት ተነሳ። ግኑ ደግሞ በዚያ ጊዜ ሁሉንም አሟልቶ የጎደለው ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረው ዋናው ክፍል፣ ከርነሉ፣ ብቻ ነበር። ሁለቱ ተገጣጠሙ።

ለምን ሊኑክስ? የበርክሊው ቢኤስዲ ከሱ በፊት የነበረና የበሰለ ሥራ ነበር። መልሱ ያለው ፍርድ ቤት ነው። በ1992 የኤቲ ኤንድ ቲ የዩኒክስ ክፍል ቢኤስዲን በሚሸጠው ድርጅት ላይ፣ ቆይቶም በዩኒቨርሲቲው ላይ፣ ኮዴን ሰርቃችኋል ብሎ ክስ መሠረተ። ክሱ በ1994 በስምምነት እስኪያልቅ ድረስ ቢኤስዲን መንካት የሚያስፈራ ነገር ሆነ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ፕሮግራመሮቹ ወደ ሊኑክስ ጎረፉ። ቶርቫልድስ ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ ቢኤስዲ ለ386 ማሽን በጊዜው ቢደርስለት ኖሮ ሊኑክስን ምናልባት ባልጀመረው ነበር። ከልካዩ ሳያስበው የተወዳዳሪውን መንገድ ጠረገ።

በጄኔቫም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በመረብ ላይ መረጃ ለማሰስ ይበልጥ የታወቀው የቲም በርነርስ ሊ ዌብ አልነበረም፤ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው ጎፈር ነበር። በ1993 መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ለጎፈር ሰርቨር ከአንዳንድ ተጠቃሚዎች የፈቃድ ክፍያ እጠይቃለሁ አለ። ሚያዝያ 30 ቀን 1993 የጄኔቫው የኒውክሌር ምርምር ማዕከል ሰርን በበኩሉ የዌብን ኮድ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ለቀቀው። ጎፈር ከዚያ ወዲያ አላንሰራራም።

የ1990ዎቹ፦ ፊደላችን በኢማክስ ውስጥ

ይህ ሁሉ መገናኛ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነበር። መልእክቶቹ የሚጓዙበት አስኪ የተባለው ኮድ ያለው 128 ቦታ ብቻ ነው፤ የላቲን ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች ይሞሉታል። በአሜሪካና በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የነበሩ ኢትዮጵያውያን እርስ በርስ በኢሜይል ሲጻጻፉ አማርኛውን በላቲን ፊደል፣ እያንዳንዱም እንደመሰለው ነበር የሚጽፈው። የግዕዝ ፊደል የሚጽፉ ፕሮግራሞች አልጠፉም፤ ግን እያንዳንዱ ኩባንያ ፊደሉን በራሱ ቁጥር ስላስቀመጠው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ያንን ዘመን ያየ ሰው ፋይሉን ከነፎንቱ በዲስክ መላክን አይረሳውም።

ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በዚህ ጊዜ ሴራ የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ። ሐሳቡ ቀላልና የጠራ ነው። እያንዳንዱ ፊደል አንድ የታወቀ የላቲን አጻጻፍ ይኖረዋል፤ ትንሿ ቲ ለ‹ተ›፣ ትልቋ ቲ ለ‹ጠ›፣ ትንሿ ሲ ለ‹ቸ›፣ ትልቋ ሲ ለ‹ጨ›። በዚህ የተጻፈ ጽሑፍ በማንኛውም የኢሜይል መስመር ሳይበላሽ ያልፋል፤ የሚደርሰው ሰው ፕሮግራም ካለው ደግሞ አንድም ሳይዛነፍ ወደ ፊደል ይመለሳል።

ፕሮግራሙ የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። በጃፓን የኤሌክትሮቴክኒካል ላቦራቶሪ ኬንኢቺ ሃንዳና ባልደረቦቹ የስቶልማንን ኢማክስ ወስደው ጃፓንኛን ጨምሮ ብዙ ቋንቋ እንዲጽፍ አድርገውት ነበር፤ ሥራቸውን ሙል አሉት። ታካሃሺ ናኦቶ የተባለው ባልደረባቸው የግዕዝን ፊደል አስገባበት። የሴራን አጻጻፍ ወደ ፊደል፣ ፊደሉንም ወደ ሴራ የሚመልሱ ትእዛዞች ጻፈ፤ ከመካከላቸው በተለይ ለኢሜይል የተዘጋጁ አሉ። የደረሰውን መልእክት ከፍቶ ትእዛዙን የሰጠ ሰው የላቲኑ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲለወጥ ያያል። ሙል በ1997 ከወጣው ኢማክስ 20 ጋር ተዋሐደ። እስከ ዛሬም ኢማክስን የጫነ ሰው በብዙ ቋንቋዎች ሰላምታ የያዘውን ‹ሄሎ› የተባለ ፋይል ቢከፍት የአማርኛውን ‹ሠላም› ከነንጉሡ ሠ ያገኘዋል።

አንድ ጃፓናዊ ፕሮግራመር አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ፕሮግራም ላይ የኛን ፊደል ለመጨመር የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም፤ አዋጭ ገበያ መኖር አለመኖሩንም አላሰላም። ኮዱ በእጁ ነበረ፣ ፈቃዱም ይፈቅድለታል። በዚያ ጊዜ አንድ ትልቅ ኩባንያ ለአማርኛ ይህን እስኪያደርግ ብንጠብቅ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ለመገመት አያስቸግርም።

በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደላት ቋሚ ቁጥር ሲሰጣቸው የፎንት ትርምሱ መሠረቱ ተናጋ። የአማርኛ ዊኪፔዲያ ሜዲያዊኪ በተባለው ክፍት ፕሮግራም ላይ ተገነባ። እንደ አቢሲኒካ ያሉ ፎንቶች በክፍት ፈቃድ ወጡ፤ የግዕዝ ኪቦርድ የሚጫንበት ኪማንም በ2017 ኮዱን ክፍት አደረገ።

ከ1995 እስከ 2004፦ ነጋዴው ሲገባበት

ሮብ ማኩል በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሱፐርኮምፒውተር ማዕከል የጻፈው የዌብ ሰርቨር በጊዜው በሰፊው ይሠራበት ነበር። በ1994 ማኩል ሥራውን ሲለቅ ፕሮግራሙ ያለ አሳዳጊ ቀረ። ድረ ገጽ የሚያስተዳድሩ ሰዎች የየራሳቸውን ማስተካከያ በኢሜይል መለዋወጥ ጀመሩ፤ ብራያን ቤሌንዶርፍና ጥቂት ባልደረቦቹ አሰባስበው በ1995 አፓቺ ብለው አወጡት። አብዛኞቹ ተገናኝተው አያውቁም ነበር፤ ውይይቱም ድምፅ አሰጣጡም በኢሜይል ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አፓቺ በዓለም ላይ ከሁሉም ይበልጥ የሚሠራበት የዌብ ሰርቨር ሆነ።

በጥር 1998 የብራውዘር ኩባንያው ኔትስኬፕ በማይክሮሶፍት ተሸንፎ የገበያ ድርሻው ሲያሽቆለቁል የብራውዘሩን ኮድ እንደሚለቅ አስታወቀ። በሚቀጥለው ወር በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው፣ ይህን ነገር ለነጋዴው በሚጥም ስም እንጥራው ሲሉ ክርስቲን ፒተርሰን ‹ኦፕን ሶርስ› የሚለውን አቀረበች። ስቶልማን የነጻነቱን ጉዳይ ያስረሳል ብሎ አልተቀበለውም፤ እስከ ዛሬም አይቀበለውም። ስሙ ግን ያዘ፤ ከስሙም ጋር አይቢኤምን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ገቡ። ከኔትስኬፕ ኮድ በኅዳር 2004 ፋየርፎክስ 1.0 ተወለደ።

2005፦ ጊት

በዚህ ጊዜ ሊኑክስን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ይጽፉታል። ለብዙ ዓመታት ማስተካከያው ሁሉ በኢሜይል ለቶርቫልድስ ይላክለትና እሱ አንብቦ በእጁ ያስገባው ነበር፤ እስከ መጨረሻው ግን ሊዘልቅ አልቻለም፤ የላኩት ማስተካከያ ጠፋብን የሚሉ በዙ። በ2002 ቢትኪፐር የተባለ፣ ማን ምን መቼ እንደለወጠ የሚመዘግብ የንግድ ፕሮግራም መጠቀም ጀመረ። ባለቤቱ ለክፍት ኮድ ሠራተኞች በነጻ ፈቀደላቸው፤ ተፎካካሪ ፕሮግራም እንዳይሠሩ ግን ቅድመ ሁኔታ አስገባ። በዓለም ትልቁ የክፍት ኮድ ሥራ በተዘጋ መሣሪያ ላይ መቆሙ ብዙዎችን አስቆጣ። ቶርቫልድስ ግን ሥራዬን ያቀልልኛል ብሎ አልሰማቸውም።

በ2005 አንድሩ ትሪጅል የተባለ ፕሮግራመር ከቢትኪፐር ሰርቨር ጋር የሚነጋገር የራሱን ፕሮግራም ሠራ፤ የቢትኪፐር ባለቤት ተቆጥቶ የነጻውን ፈቃድ አነሳ። የተቃወሙት ሰዎች ፍርሃት እውነት ሆነ፤ በስጦታ የመጣ መሣሪያ ሰጪው በፈለገው ቀን ሊወስደው ይችላል። ቶርቫልድስ በሚያዝያ መጀመሪያ የከርነሉን ሥራ አቁሞ አዲስ መሣሪያ መጻፍ ጀመረ። ሚያዝያ 3 ተጀመረ፣ ሚያዝያ 7 መሣሪያው የራሱን ኮድ መመዝገብ ቻለ። በሰኔ የወጣው ሊኑክስ 2.6.12 የተዘጋጀው በዚሁ በጊት ነው። በሐምሌም ቶርቫልድስ ኃላፊነቱን ለጁኒዮ ሃማኖ አስረከበ።

ጊት ከብዙዎቹ ቀደምት መሣሪያዎች የሚለየው ማዕከል ስለማያስፈልገው ነው። ኮዱን የቀዳ ሰው ሁሉ ሙሉ ታሪኩን ይዞ ይሄዳል፤ ኢንተርኔት በሌለበት ሥራውን ይመዘግባል፤ መስመሩ ሲመለስ ከሌሎች ጋር ያዋሕዳል። መብራትና ኢንተርኔት ሲሄድ ሲመጣ በሚውልበት አገር ለሚሠራ ፕሮግራመር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። እያንዳንዱ ለውጥ ከይዘቱ የተሰላ መለያ ስላለው፣ የቆየን ኮድ በድብቅ ለመለወጥ የሞከረ ሰው መለያውን ስለሚያበላሽ ይታወቅበታል።

በ2008 ጊትሃብ በጊት ላይ ተገንብቶ ተከፈተ፤ የኮድ ሥራና የፕሮግራመሮች ውይይት በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ። በ2018 ማይክሮሶፍት በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። የጊትሃብ የራሱ ኮድ ግን ዝግ ነው። የቢትኪፐርን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ቢሰጋ አይፈረድበትም። የሚያጽናናው ኮዱ በየተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ቅጂ ያለው መሆኑ ነው፤ ገጹ ቢዘጋ ውይይቱ ይጠፋል፣ ሥራው ግን አይጠፋም።

ከ1999 እስከ 2016፦ ቻቱ ሲከፈትና ሲዘጋ

በ1999 ጄረሚ ሚለር ጃበርን ይፋ አደረገ። የቻት ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ግቢ አጥረው፣ የአንዱ ደንበኛ ከሌላው ጋር መነጋገር በማይችልበት ጊዜ፣ ጃበር እንደ ኢሜይል ማንም የራሱን ሰርቨር ተክሎ ከሌላው ጋር እንዲገናኝ ፈቀደ። በ2004 ኤክስኤምፒፒ በሚል ስም የኢንተርኔት መመዘኛ ሆነ። ጉግል በ2005 ያወጣውን ቶክ በዚሁ ላይ ገነባው፤ ከሌሎች ሰርቨሮች ጋርም አገናኘው። በ2013 ግን ወደ ሃንግአውትስ ሲሸጋገር በሩን መልሶ ዘጋ። በ2009 የተመሠረተው ዋትስአፕም ኢጃበርዲ ከተባለው ክፍት ሰርቨር ተነስቶ ነው የገነነው፤ የሠራው ግቢ ግን ዝግ ሆነ። ጂፒኤል አሻሽለህ ስታሰራጭ ኮዱን ስጥ ይላል እንጂ በራስህ ሰርቨር ላይ ስታስኬደው ስጥ አይልም። በዚህ ቀዳዳ ያለፈው ሀብት ብዙ ነው።

አንድ መልካም ነገር ግን ከክፍቱ ወገን ወደ ዝጉ ተሻገረ። ሞክሲ ማርሊንስፓይክና ትሬቨር ፔሪን የሠሩት የሲግናል የምስጠራ ስልት ኮዱ ክፍት ስለሆነ ባለሙያዎች መርምረውታል። ዋትስአፕ በሚያዝያ 2016 ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ አዳረሰው። በቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ለእናቷ የምትልከውን የድምፅ መልእክት አጓጓዡ ኩባንያ ራሱ ሊያዳምጠው የማይችለው በዚህ ስልት ምክንያት ነው።

ከ2014 እስከ 2024፦ የደከሙ እጆች

በሚያዝያ 2014 ኸርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ተገኘ። ኦፕንኤስኤስኤል ከሚባለው፣ የባንኩንም የኢሜይሉንም ግንኙነት ከሚቆልፈው ክፍት ኮድ ውስጥ ሁለት ዓመት ተሸሽጎ ነበር፤ በቀዳዳው የሰርቨሩን ምስጢር መቅዳት ይቻላል። ሲጣራ የዓለም ግማሽ የተደገፈበት ይህ ሥራ ሙሉ ጊዜውን የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በዓመት የሚያገኘው መዋጮም 2000 ዶላር ገደማ ነበር። በቢሊዮን የሚያተርፉት ኩባንያዎች ኮዱን ወስደው ነበር፣ ሠሪዎቹን ግን አላዩዋቸውም። ከዚያ በኋላ በሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል ገንዘብ አዋጡ።

በግንቦት 2021 ደግሞ የክፍት ኮድ ሠራተኞች ዋና መዋያ የነበረው የአይአርሲ መረብ ፍሪኖድ በባለቤትነት ጥያቄ ተናጠ። ያለ ክፍያ ያገለግሉት የነበሩት ሰዎች በአንድ ላይ ለቀው ሊበራ ቻት የተባለ አዲስ መረብ ከፈቱ፤ ፕሮጀክቶቹም ተከትለዋቸው ሄዱ።

በጣም የሚያሳስበው ግን የመጨረሻው ነው። ኤክስዜድ ፋይል የሚያጨቅ አነስተኛ ፕሮግራም ነው፤ በአብዛኛው የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ይገኛል። ለዓመታት የያዘው አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። በ2021 ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ብቅ አለ፤ ጠቃሚ ማስተካከያዎች መላክ ጀመረ። በ2022 ሌሎች የማይታወቁ ስሞች በኢሜይል በጎ ፈቃደኛውን ወጥረው ያዙት፤ ሥራው ተጓተተ፣ ካልቻልክ ለሌላ አስረክብ አሉት። ደክሞት ነበር፤ ጂያ ታንንም አጋር አደረገው። በየካቲት 2024 በወጣው ዕትም ውስጥ ሰውየው ሰርቨሮችን ከሩቅ የሚከፍት የተደበቀ በር አስገባ፤ የደበቀውም ለሙከራ የሚያገለግሉ በሚመስሉ ፋይሎች ውስጥ ነው።

በሩን ያገኘው ፕሮግራመር አንድሬስ ፍሮይንድ ሊፈልገው ተነስቶ አልነበረም። የፖስትግሬስ ዳታቤዝን ፍጥነት ሲለካ ወደ ማሽኑ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደሚዘገይ ልብ አለ። ነገሩ ከነከነው፣ ኮዱን ተከትሎ ገባ፣ በሩንም አገኘው። መጋቢት 29 ቀን 2024 ያገኘውን ሁሉ የደኅንነት ባለሙያዎች በሚነጋገሩበት ክፍት የኢሜይል ዝርዝር ላይ አሰፈረ። ሥርዓቱን የሚያሰራጩት ቡድኖች ወዲያውኑ ወደ ቀድሞው ዕትም ተመለሱ፤ የተበከለው ዕትም በሰፊው ወደሚሠራባቸው የሊኑክስ ዓይነቶች ሳይገባ ቀረ። ኮዱ ዝግ ቢሆን ኖሮ ፍሮይንድ መዘግየቱን ያይ ነበር፤ ምክንያቱን ግን ሊያገኘው አይችልም ነበር።

በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ የምትሠሩ ፕሮግራመሮች፣ በየቀኑ ከምትጠቀሙባቸው ክፍት ፕሮግራሞች አንዷን መርጣችሁ ማን እንደያዛት ተመልከቱ። የአማርኛ ፊደል ሲዛባባችሁ ወይም ኪቦርዱ ሲሳሳት ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ስህተቱን ለሠሪዎቹ ጻፉላቸው፣ ከቻላችሁም ማስተካከያውን ላኩ። ድርጅት የምትመሩ ደግሞ በነጻ የወሰዳችሁትን ኮድ ለያዙት ሰዎች ከሠራተኞቻችሁ ጊዜ ወይም ከገንዘባችሁ መድቡላቸው።